ምዕራፍ ሰባት፦ የሚያብጥ መሬት

ጅማ ዙሪያ ዳገቱ ቀይ፣ ረባዳው ጥቁር ነው። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ የሚጓዝ ሰው ይህን ከመኪና መስኮት ያየዋል። ቡናውና መንደሩ ያሉበት ተዳፋት ውሃ ቶሎ የሚያሰርግ ቀይ አፈር ነው። ከብት የሚግጥበትና ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ግን ክረምት እግር የሚይዝ፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ነው። ሁለቱ አንዳንዴ በጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት ይገናኛሉ። ገበሬው የትኛው ላይ ምን እንደሚያበቅል ያውቃል፤ ምርጫም አለው። መንገድ የሚሠራው ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ቡናው ዳገት ላይ፣ መውጫው ሜዳ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ይሻገራል።

ይህ ለቡና ትልቅ ነገር ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ማጠቢያ ጣዕሙን አይመልሰውም። ለቀማው የሚጀምረው ደግሞ የጅማ ዝናብ ገና ጨርሶ ባላባራበት ወቅት ነው። በዓመት ወደ 1500 ሚሊሜትር ዝናብ በሚያገኝ አገር፣ በማሳውና በመፈልፈያው መካከል የተዘረጋ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ጥቁር አፈር የቤተሰቡን የዓመት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል። እንግዲህ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ፣ ይህን አፈር ቆፍሮ ከመጣል ይልቅ ባለበት ማጽናት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ይቻላል፤ ግን ባገኙት ዱቄት ሁሉ አይደለም።

ባለፈው ምዕራፍ የበረሃ አሸዋን አይተናል። ነፋስ ሲያንከባልለው ኖሮ ጠርዙ የለሰለሰ፣ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ቅንጣት ነው። ጉድለቱ ማያያዣ ማጣት ስለሆነ ሲሚንቶ፣ ሬንጅ ወይም ሶዲየም ሲሊኬት የመሰለ ሙጫ ሲሰጡት ይጸናል። የጅማው ጥቁር አፈር ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ ደቃቅ ናቸው፤ ሲደርቁ ዶማ የማይበሳው ጓል ይሆናሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ይላሽቃሉ። ሙጫ ቢጨምሩበት ሙጫው ራሱ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። እዚህ የሚያስፈልገው የአፈሩን ጠባይ የሚለውጥ ነገር ነው። አሸዋ ላይ የሠራውን ማጽኛ እንዳለ ጥቁር አፈር ላይ መሞከር ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያስበላ ስሕተት ነው።

ጠባዩ ከየት ይመጣል? ሞንትሞሪሎናይት ከተባለ የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ የተሠራው እጅግ ስስ ከሆኑ ንጣፎች ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ውፍረት አንድ ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ንጣፎቹ ሞሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ግን ውሃ የሚገባበት ክፍተት አለ። ንጣፎቹ አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው፣ አዎንታዊ ሙል ያላቸው የሶዲየም፣ የማግኒዥየምና የካልሲየም አዮኖች በክፍተቱ ውስጥ ተቀምጠው ያመጣጥኗቸዋል። ሶዲየም አንድ ሙል ብቻ ስላለው ንጣፎቹን የሚይዘው አላልቶ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ይራራቃሉ። ካልሲየም ሁለት ሙል ስላለው ያቀራርባቸዋል። በዚህ ቀላል ልዩነት ላይ ነው የኖራ ሥራ ሁሉ የቆመው።

ቀዩ አፈር ውስጥ በብዛት ያለው ካኦሊናይት ነው። የእሱ ንጣፎች አጥብቀው ስለተያያዙ ውሃ በመካከላቸው አይገባም፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድም ቅንጣቶቹን ያጣብቃቸዋል። ቡና ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ የሚያድግበት፣ ቤትም ብዙ ሳይንገዳገድ የሚቆምበት አፈር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ገበያው ሂርማታ ግን ከሥር ነበር፤ ኋላ ከተማዋ የሰፋችው በዚሁ በታችኛው ሜዳ፣ በአዌቱ ወንዝ ዳርና ዳር ነው። ዛሬ የጅማ ሰው ቤት ለመሥራት ቦታ ሲፈልግ የሚደርሰው ዳገቱ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ጭምር ነው። በመላ ኢትዮጵያ የጥቁር አፈር ስፋት ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል። ስለዚህ የጅማ ጉዳይ የአዲስ አበባ፣ የደብረ ዘይትና የጎጃም ሜዳም ጉዳይ ነው።

መሐንዲሶች የአፈርን አቅም የሚለኩት በካሊፎርኒያ የመንገድ ባለሥልጣን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 በተዘጋጀ ሙከራ ነው። መለኪያው ሲቢአር ይባላል። ብረት ዘንግ አፈሩ ውስጥ ለመግባት የጠየቀው ኃይል፣ ጥሩ የተፈጨ ጠጠር ከሚጠይቀው ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይነገራል። ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር ሁለትና ሦስት በመቶ ያወጣል፤ በአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ውስጥም ከመጨረሻዎቹ ደካማ ምድቦች ይውላል። ከዚህ በታች የሚመደብ የለም ማለት ይቻላል።

የተለመደው መፍትሔ ቆፍሮ መጣልና ሰሌክት በሚባለው፣ ከሌላ ቦታ ተመርጦ በሚመጣ አፈር መተካት ነው። ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አብረን እናስላ። አሥር ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ 60 ሳንቲሜትር ይቆፈር ብንል፣ 6000 ሜትር ኩብ ጥቁር አፈር ይወጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 375 ምልልስ ነው። ያንኑ ያህል ሰሌክት ደግሞ መግባት አለበት፤ ድምሩ 750 ይደርሳል። ሰሌክቱ የሚወጣው ከሆነ ኮረብታ ነው፤ ጅማ ዙሪያ ደግሞ ብዙው ኮረብታ የቡና መሬት ነው። የወጣው ጥቁር አፈርም የሆነ ቦታ ይደፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚደፋው ረግረግ ውስጥ ወይም የሰው ማሳ ጠርዝ ላይ ነው። ይህን ወጪ በገንዘብ ብቻ መተመን አይገባም እላለሁ፤ የተቆረጠ የቡና ኮረብታ ተመልሶ አይሞላም።

አሁን ያንኑ መንገድ በኖራ እናስበው። 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ 3000 ሜትር ኩብ ነው፤ ደረቅ ክብደቱ ወደ 3900 ቶን ይጠጋል። ለጥቁር አፈር የሚያስፈልገው ኖራ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ክብደት ከሦስት እስከ ስምንት በመቶ ስለሆነ ስድስቱን ብንይዝ 234 ቶን ይሆናል፤ 40 ቶን በሚጭኑ ተሳቢዎች ስድስት ጭነት ማለት ነው። የእርሻ ማረሻ ወይም ግሬደር፣ የውሃ ቦቴና ሮለር ይጨመሩበት። አፈሩ ግን ከቦታው አይነሳም።

ኖራ የሚሠራው በሦስት ደረጃ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ላይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቅቆ ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ያልበረደ ኖራ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውሃውን ይጠጣል፣ ይግላል፣ የረጠበውን ያደርቃል። ቀጥሎ በሰዓታት ውስጥ ካልሲየሙ በንጣፎቹ መካከል ያለውን ሶዲየም አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ የሚያጣብቀው ጭቃ ፍርፍር ያለ አፈር ይሆናል። ይህ ለውጥ በዓይን ይታያል፤ ጫማ ላይ ይለጠፍ የነበረው ይረግፋል። ሦስተኛው ዝግተኛ ነው፤ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ኖራው የአፈሩን ፒኤች ወደ 12.4 ሲያደርሰው ሸክላው ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ከሸክላው የወጡት ሲሊካና አሉሚና ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕደው ሲሚንቶ ውስጥ ከሚገኘው ማያያዣ ጋር የሚመሳሰል ማዕድን ይፈጥራሉ። የችግሩ ምንጭ የነበረው ሸክላ ለማጠንከሪያው ጥሬ ዕቃ ይሆናል ማለት ነው። በግንባታ ሳይንስ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ምን ያህል ኖራ እንደሚበቃ ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ። ኢድስና ግሪም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረቡት ሙከራ፣ አፈሩ ላይ ኖራ በየመጠኑ እየጨመሩ ፒኤቹ 12.4 የሚደርስበትን የመጀመሪያ መጠን መፈለግ ነው። ከዚያ በታች የተጨመረ ኖራ አፈሩን ለጊዜው ያፍረከርከዋል እንጂ አያጠነክረውም። ወጪ ለመቀነስ ስድስቱን ወደ ሦስት ያወረደ ሥራ ተቋራጭ ግማሽ መንገድ ሠራ አይባልም፤ ምንም አልሠራም።

ኖራ ለግንባታ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። አፈርን ከሲሚንቶ ጋር ደባልቆ መንገድ የመሥራት ዘመናዊ ሙያ ሥር የያዘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ጆንሰንቪል አጠገብ በተሠራ መንገድ ነው፤ ቴክሳስም በ1940ዎቹ ሸክላ አፈሯን በኖራ ማከም ጀመረች። እኛ አገር ኖራው የሚፈራው ቤተ ሙከራ ስላላየው አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ በዚህ ጉዳይ የተሞላ ነው። የሚጎድለው ከመደርደሪያው ወደ ጨረታ ሰነዱ የሚወስደው እርምጃ ነው።

ስለ ኖራ ሁለት ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የመጀመሪያው፣ የጅማ ዙሪያ ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ኖራ ይበትናሉ። እሱ ተፈጭቶ የመጣ ጥሬ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አልተቃጠለም። ለሰብል ጥሩ ነው፣ ቀስ ብሎ አሲዱን ያረግባል። ፒኤቹን ግን 12.4 ሊያደርሰው ፈጽሞ አይችልም፤ መንገድ ላይ ቢፈስ ደቃቅ ድንጋይ ከመጨመር አይለይም። ከግብርና መጋዘን የተረፈውን ለመንገድ እናውለው የሚል ሰው ቢመጣ መከልከል አለበት፤ መንገዱም አይጠቀምም፣ ገበሬውም ይጎዳል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ደቡብ ምዕራቡ ደጋ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ያለው እነ ሙገርና ደርባ አካባቢ፣ ወይም ከዚያ በሚርቀው ድሬዳዋ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ስድስቱ ተሳቢ የጊቤን ሸለቆ ወርደው መውጣት አለባቸው። በጅማ የኖራን ዋጋ የሚወስነው ከምድጃው ይልቅ ጎዳናው ነው።

እዚህ ላይ ነው ቡናው ወደ ነገሩ የሚገባው። ጀንፈል ቡና ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት ባሉ ከተሞች መቀሸሪያ ጓሮ የተከመረው ገለፈት ይበሰብሳል ወይም ይጨሳል። ይህን አቃጥሎ አመዱን አፈር ለማጽናት ማዋል ተመራማሪዎች ደጋግመው የሞከሩት ሐሳብ ነው፤ የጥቁር አፈርን እብጠት እንደሚቀንስና ጥንካሬውን እንደሚጨምርም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ቆሻሻው ይወገዳል፣ መንገዱ ይሠራል። ደስ ስለሚል ግን ጠንከር አድርጎ መመርመር ይገባዋል።

መጀመሪያ ኬሚስትሪው። የሩዝ ገለባ አመድ በሲሊካ የበለጸገ ስለሆነ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። የቡና ገለፈት አመድ ግን ብዙው ፖታሽ ነው፤ ካልሲየም አለው፣ ሲሊካው ትንሽ ነው። ፖታሲየም በሸክላው ንጣፎች መካከል ሲገባ ልክ ስለሚገጥም እብጠቱን ይቀንሳል፤ ነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች የፖታሲየም ጨው የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው። ነገር ግን የአመዱ ፖታሽ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው። የጅማ ክረምት በየዓመቱ የሚያጥበው ንጣፍ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚቀር የሚመልሰው የ28 ቀን ሙከራ ሳይሆን ተደጋጋሚ ማርጠብና ማድረቅ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ለዚያው 3900 ቶን አፈር አሥር በመቶ አመድ ያስፈልግ ብንል 390 ቶን ነው። መቶ ኪሎ ገለፈት ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ከአሥር ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ቢያንስ 3900 ቶን ገለፈት፣ ይህም ማለት የ7800 ቶን ጀንፈል ቡና ቅሪት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ። ፖታሹ ደግሞ የቡናው ዛፍ ከአፈሩ የወሰደው ነው። የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ አመዱ ብቻውን መንገድ አይሠራም፤ ኖራን በከፊል ለመተካት፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ መፈልፈያ መግቢያ ስፋት ቢሞከር ይረዳል። የቀረው ገለፈት ብስባሽ ሆኖ ወደ ቡናው ሥር ይመለስ።

ከአመዱ ይልቅ ትኩረት ያላገኘ ሌላ ነገር ጅማ አጠገብ አለ። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ዳር ሸክላ ተቆፍሮ ጡብ ይቃጠላል። ማቃጠልም አፈር ማጽኛ ነው፤ ሸክላው በእሳት ከተለወጠ ወደ ጭቃነት አይመለስም። የማገዶው ዋጋና የረግረጉ መቆፈር ያሳስባል፤ የማምረቻውን መስፋፋት አልመክርም። የተሰበረውና የጠመመው ጡብ ግን ሲፈጭ ከኖራ ጋር የሚዋሐድ ዱቄት ይሰጣል። ሮማውያን ይህን ያውቁ ነበር፤ ሕንድ አገርም ሱርኪ በሚል ስም ለዘመናት ግንብ ሠርተውበታል። አዲስ ረግረግ ሳይቆፈር፣ የሚጣለውን ስብርባሪ ብቻ ፈጭቶ በኖራው ላይ መጨመር ጅማ ውስጥ ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው።

በጀሪካን የሚሸጡ ፈሳሾችም አሉ። አንዳንዶቹ ኢንዛይም፣ አንዳንዶቹ ፖሊመር ወይም አሲድ ናቸው፤ ጥቂት ሊትር ብዙ አፈር ያጸናል ተብሎ ይነገርላቸዋል። በዓለም ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ አፈር ላይ የሠራው ሌላው ላይ ምንም አያመጣም። ገዥው የሚሸጠውን ድርጅት ወረቀት ሳይሆን የራሱን አፈር ውጤት መጠየቅ አለበት።

ከመንገድ ወደ ቤት እንግባ። ጥቁር አፈር ላይ ብዙ የሚሰነጠቀው ትልቁ ፎቅ ሳይሆን ባለ አንድ ወለሉ ቤት ነው፤ ቀላል ስለሆነ አፈሩ ሲያብጥ ያነሳዋል፣ ሲደርቅ ይለቀዋል። ስንጥቁ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይወጣል። አጥር ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነገሩን ያብሳል፤ ሥሩ ከመሠረቱ አጠገብ ያለውን ውሃ ስለሚጠጣ አንዱ የቤቱ ጎን ብቻውን ይወርዳል። ባሕር ዛፉን ማራቅና ቤቱን ዙሪያውን ውሃ የማያሰርግ ንጣፍ ማልበስ ከየትኛውም ኬሚካል በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ግድግዳውን በተመለከተ ግን ቀዩ አፈር በረከት ነው። ጭቃ በጭድ አቡክቶ፣ ቀናት አቆይቶ፣ በእበት የሚለቀልቅ ሰው አፈር ሲያጸና ኖሯል፤ ጭዱ ስንጥቅ ይይዛል፣ እበቱ ዝናብ ያዘገያል። በዚህ ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ሲጨመር ነገሩ ወደ ብሎክ ያድጋል። ሌላዋ የቡና አገር ኮሎምቢያ ውስጥ ራውል ራሚሬዝ በ1950ዎቹ ሲንቫ ራም የተባለችውን በእጅ የምትሠራ የአፈር ብሎክ መጭመቂያ ሠራ። ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ሲሚንቶ የተደባለቀ አፈር በእሷ ተጭኖ፣ ሳይቃጠል፣ በጥላ ሥር እየረጠበ ሳምንታት ሲቆይ ለባለ አንድ ወለል ቤት ይበቃል። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላው ስለሚበዛ አሸዋ ይፈልጋል፤ አሸዋ ደግሞ እዚያ ከሩቅ የሚመጣና ውድ ዕቃ ነው። ቢሆንም ከሙሉ የሲሚንቶ ብሎኬት ያነሰ አሸዋና ሲሚንቶ ይበላል።

አንድ ማኅበር ወይም የወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ሊጀምር የሚችለው ከጠርሙስ ነው። የደረቀ አፈር ፈጭቶ፣ በደቃቅ ወንፊት ነፍቶ፣ አሥር ሚሊሊትሩን ቁጥር ባለው ባለ መቶ ሚሊሊትር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መጨመርና አንድ ሙሉ ቀን መተው። የተዘቀጠው አፈር ሃያ ሚሊሊትር ከደረሰ፣ ማለትም እጥፍ ከሆነ፣ የሚያብጥ ነው፤ ናሙናው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአፈር ቤተ ሙከራ ይሂድ። ናሙናው ከአንድ ጉድጓድ ብቻ አይወሰድ፤ ዳገቱና ሜዳው በሚገናኙበት አገር መቶ ሜትር ላይ አፈሩ ይለወጣል።

ሥራው ሲጀመር ኖራው በደንብ ካልተበተነና ጓሉ ካልደቀቀ የጓሉ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከተደባለቀ በኋላ አንድ ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ እንደገና ተደባልቆ በሮለር ይጨመቅ፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከባድ መኪና አይለፍበት። ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ፤ ያልበረደ ኖራ ዓይን ያጠፋል። በሁለቱም ጎን የውሃ ቦይ ሳይቆፈር የተጀመረ ሥራ ከመጀመሪያውም አልተጀመረም። ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ደርቆ ጀንፈሉ አልጋ ላይ በተሰጣበት ወቅት ነው። የካቲት ካለቀ ግን የበልጉ ዝናብ ይቀድማል፤ ኖራው መጋዘን ውስጥ ርጥበት ሳይነካው ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ሥራውም ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ይቆይ።